ክር የታሰረባቸው በቆሎዎች

ቡሬ፣ ነሐሴ 14 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት የክርስትና እናቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ክረምት ሲበረታ የሚነሣብዎት የቀኝ ጉልበትዎ ዘንድሮ ማረዎት ወይስ እንደ ልማዱ ማለዳ ማለዳ ያስነክስዎታል? ጊደሯ ወለደች? ያቺ የምታፈስ ቆርቆሮ ተመታች ወይስ አሁንም ባልዲ ይደቀንላታል? ፍልሰታን ያስጀመረ አምላክ በሰላም ያስፈጽምዎት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምለው ለወጉ ነው፤ ለእርስዎ ዋሽቼ አላውቅምና ዛሬም አልጀምርም። እንቅልፍ የለኝም፣ እህል አይወርድልኝም፣ ሰው ሲያናግረኝ ያመኛል። ከዚህ በቀር ደኅና ነኝ።

ስልክዎ ላይ አምስት ጊዜ ደወልሁ። ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም። በመጀመሪያው ቀን ባትሪ አልቆ ይሆናል አልሁ። በሁለተኛው ቀን ቅዳሴ ላይ ይሆናሉ አልሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ስሜን እያዩ እንደሚተዉት ገባኝ፤ ቆሽቴ አረረ። እውነቱን ልንገርዎት፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት አይደለም፣ ንዴት ነው። ከአበባ ነቃይ ሴቶቹ ሁሉ አሁንም ሰላም የምትለኝ እናኑ ብቻ ናትና ይህን ደብዳቤ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። ከዳዊትዎ ላይ ቀና ሲሉ እንድትሰጥዎት፣ አንብበው እስኪጨርሱም ከአጠገብዎ እንዳትነሣ ለምኛታለሁ። ፊደሌን ትልልቅ አድርጌዋለሁ፤ መነጽር ፍለጋ ቤቱን አያምሱ።

ግማሹን ነገር እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል። መልሼ የምጽፍልዎት እኔ ከቆምሁበት በኩል እንዲያዩልኝ ነው። እርስዎ ትተውኝ ከሄዱ በኋላም ብዙ ነገር ሆኗል።

በሰኔ የምሠራበት የዘር ድርጅት የበቆሎ ምርጥ ዘር እንዳባዛ ተቆጣጣሪ አድርጎ ወደዚህ ሲልከኝ፣ መጀመሪያ የመጣሁት እርስዎ ደጃፍ ነው። ቤተሰባችን ፍኖተ ሰላም ከገባ ወዲህ በአገሩ የማውቀው ሰው እርስዎ ብቻ ነበሩ። ለአበባ ነቀላ ሴቶች እፈልጋለሁ ስልዎት የምን አበባ ብለው ጠየቁኝ፤ የበቆሎ አበባ ስልዎት ሳቁብኝ። ቢስቁም በሳምንቱ ሃያ አንድ ሴት ይዘው መጡ። እኔ ማንንም አልመረጥሁም፣ ማንንም አልፈተንሁም። እርስዎ ያመጡትን ተቀበልሁ፣ የእርስዎንም ስም ከዝርዝሩ አናት ላይ ጻፍሁ።

ሥራውን ለእርስዎ መንገር ለቄስ አቡነ ዘበሰማያት ማስጠናት ነው። ግን እኔ እንዴት አድርጌ እንደነገርኋችሁ ያስታውሱልኝ። አራት መስመር ሴቴ፣ ሁለት መስመር ወንዴ አልሁ። ከሴቴው መስመር አናቱ ላይ ያለውን አበባ ሳይፈነዳ ንቀሉ፣ የወንዴውን አትንኩ አልሁ። በቃ፣ ይህንኑ ነው ያልሁት። ለምን እንደሆነ አልተናገርሁም። ለምኑን ለመናገር ጊዜ የለኝም ብዬ ነበር፤ አበባው ደርሷል፣ ዝናቡ አያባራም፣ የላይኛው ማሳ ብቻውን አራት ሄክታር ነው።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ሴቶቹ ከኪዳን መልስ ነው የሚመጡት፤ ሲመጡ ረፍዷል። አፋቸው ደርቋል፣ እርጥብ ቅጠል ክንዳቸውን ይቆርጠዋል፣ ስድስት ሰዓት ሲል ዓይናቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። አበባው ግን አይጾምም፤ ቅዳሴ እስኪወጣ አይጠብቅም። እኔ ከማሳው ዳር ቆሜ ሰዓቴን እያየሁ አንጀቴ ይቃጠላል። እርስዎን ቀስ ብለው አሠሯቸው ብዬ ስቆጣ፣ ጾመኛ አይነዳም ልጄ ብለው መለሱልኝ። ያን ቀን እርስዎም ተባበሯቸው ብዬ ቂም ያዝሁ። ይኼን አሁን ነው የምነግርዎት።

በዚያው ሰሞን ፍኖተ ሰላም ለሁለት ቀን ሥልጠና ተጠራሁ። ርእሱ መሪነትና ዓላማ ነው። አሠልጣኙ ጭቃ ያልነካው ጫማ ያደረገ፣ ቃላት የሚያሳምር ሰው ነው። ሠራተኛን እየተቆጣጠራችሁ አታሠሩት፣ ለምን እንደሚሠራ አሳዩት፣ ዓላማው ልቡ ውስጥ ሲገባ ራሱን በራሱ ያዝዛል ይላል። እኔም ደብተሬ ላይ ጻፍሁት፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት። ሰውየው ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እሱን ረግሜ እተኛ ነበር። ያልዋሸ መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከሥልጠናው ስመለስ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ወንዳወቅ ያን ፖስተር አሸከመኝ። ከእጃችን እስከ ሀገር ማዕድ የሚለውን፣ መጋዘኑ በር ላይ የሰቀልሁትን። እርስዎ ፎቶው ላይ ጥርሱን ከፍቶ የሚስቀውን ገበሬ አይተው ይህ ሰውዬ የማን ልጅ ነው ብለው ጠየቁኝ። አላውቀውም፣ የአገራችንም ሰው አይመስለኝም ስልዎት፣ ታዲያ በነሐሴ ጭቃ ምን ያስቀዋል አሉኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን አኮረፍሁ፤ የዓላማዬ መጀመሪያ ሲሳቅበት ማን ደስ ይለዋል።

ነሐሴ 4 ቀን የተናገርሁትን ንግግር ግን አልሳቃችሁበትም። ከማዳበሪያ ጆንያው ላይ ወጥቼ ቆምሁ። ይህ እህል አይደለም፣ ዘር ነው አልሁ። በሚመጣው ዓመት ከዚህ እስከ መራዊ፣ ከመራዊም ወዲያ፣ እናንተን በማያውቅ ሰው ማሳ ላይ የሚበቅለው ይህ ነው አልሁ። የዚያ ሰው ጎተራ መሙላትና መጉደሉ በእጃችሁ ነው። ማንም ቆሞ ስለሚቆጣጠራችሁ አይደለም፣ እንደ ልጃችሁ ጠብቁት። እንደ ልጃችሁ ጠብቁት ስል የእውነቴን ነበራ። ከመሀላችሁ ወለተ ሐና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እርስዎ ረጅም ጊዜ ማሳውን አዩት።

በማግስቱ ከእኔ ቀድማችሁ ደረሳችሁ። አቦ ዕለት ማሳው ባዶ ይሆናል ብዬ እየሰጋሁ ስመጣ ሃያ ሁለታችሁም በመስመር ውስጥ ናችሁ። ቄሱ ምን አሉ ብዬ ስጠይቅዎት፣ ማረስ አይደለም፣ ልጅ መጠበቅ ነው ብያቸው ፈቀዱልኝ አሉኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። የሚጮህ የለም፣ የሚያፌዝ የለም፣ ሴቶቹ በበቆሎው መሀል ሲያልፉ በቀስታ ነው፣ ሲነጋገሩም በሹክሹክታ። የነቀላችሁትን አበባ ለላሞቻችሁ ተሸክማችሁ ስትሄዱ እንኳ አካሄዳችሁ ሌላ ነበር። እኔ መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ ሪፖርት ጻፍሁ። ርእሱን የዓላማ ኃይል በተግባር አልሁት። ፎቶ አያያዝሁበት፤ ከፊት የቆሙት እርስዎ ነዎት። አቶ ወንዳወቅ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላከው፣ እነሱም ለሌሎች ጣቢያዎች በተኑት። አሁን ሳነበው ፊቴ ይቃጠላል።

ነሐሴ 9 ቀን የዘር ጥራት መርማሪው መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ትሑት ነው፣ እኔ እንዳደረግሁት ከዳር አልቆመም። መሀል ገባ። መቶ የሴቴ እግር እየቆጠረ፣ እንደገና መቶ እየቆጠረ ሄደ። ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል። ከመቶው የአራቱ አበባ ፈንድቷል አለኝ። ከአንድ ማለፍ የለበትም። አይሆንም አልሁት። የኔ ሠራተኞች ከየትኛውም ጣቢያ ይበልጣሉ፣ ሪፖርቱን አላየህም ወይ ብዬ ጮህሁበት። እሱም አንዱን በቆሎ ጎንበስ አድርጎ ነካ ነካ አደረገው፤ ቢጫ ዱቄቱ እጅጌው ላይ ረገፈ። አራቱም ሄክታር ለዘር አይሆንም ብሎ ጻፈ። ተቆርጦ፣ ተፈልፍሎ፣ ለወፍጮ ብቻ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እርስዎ ያውቁታል። ሁላችሁንም መጋዘኑ ፊት ሰበሰብሁ። ሰነፎች አልኋችሁ። አደራ የማታውቁ አልኋችሁ። ፊታችሁን እያሳመራችሁ ከጀርባዬ ከዳችሁኝ አልኋችሁ። ይኼ ሁሉ አልበቃ ብሎኝ ወደ እርስዎ ዞርሁና እርስዎን አምኜ ነበር አልሁ። እናቴ አላልሁም። በስምዎ ጠራሁዎት። ወይዘሮ ብዬ፣ እንደ ቀበሌ ጸሐፊ፣ ስምዎን ከነአባትዎ ጠራሁት። እርስዎ ነዎት ያበላሹት፣ መጀመሪያውንም ለመሪነት አይሆኑም ነበር አልሁዎት። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። እርስዎ ግን ዓይኔን እያዩ፣ እንደ ልጃችሁ ጠብቁት ያልሽንን ነው የጠበቅነው አሉኝ። ከዚያ ወገብዎ ላይ ያሰሩትን ነጠላ ፈትተው ለበሱት፣ ባርኔጣዎን ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት፣ ሄዱ። ሃያ አንዱም ተከተሉዎት። አንዲት ሴት እንኳ ዞር ብላ አልተሳደበችም። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።

እርስዎ ያላዩት ከዚህ ይጀምራል።

በማግስቱ ማሳው ውስጥ ገባሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ፈልጌ እንዳይመስልዎት። የእያንዳንዷን ሴት መስመር እየለየሁ ስንፍናዋን ቆጥሬ ለቢሮ ላቀርብ ነው የገባሁት። ዝናቡ ከላይ፣ ጭቃው ከታች፣ ቅጠሉ ፊቴን እየገረፈ። ሥራ ከተጀመረ ወዲህ እዚያ መሀል ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር ብልዎ ያምኑኛል? እርስዎማ ያምናሉ፤ ያውቁታል።

የመጀመሪያውን ያልተነቀለ በቆሎ ሳገኝ ገረመኝ። በዙሪያው ካሉት ሁሉ ይበልጣል። አገዳው የእጄን አንጓ ያህላል፣ ሁለት ራስ ይዟል፣ ቅጠሉ ላይ አንዲት ትል የበላችው ቀዳዳ የለም። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ስንፍና ቢሆን ደካማውም ብርቱውም ተቀላቅሎ ይቀር ነበር። የቀሩት ግን ምርጥ ምርጦቹ ናቸው። ከዚያ ክሩን አየሁ። ከራሱ በላይ፣ አገዳው ላይ፣ ጥቁር ክር ታስሯል። ርሶ ከአገዳው ጋር ስለተጣበቀ መርማሪው ሳያየው ነው ያለፈው። እንዳይቆርጠው ላላ ተደርጎ፣ እንዳይወልቅ ደግሞ በሁለት ቋጠሮ። እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። እርስዎ በሰማንያ ቀኔ ታቅፈው ክርስትና ባስነሡኝ ቀን አንገቴ ላይ የታሰረው ማተብም እንደዚሁ ላላ ያለ፣ እንደዚሁ በሁለት ቋጠሮ ነው ብላ እናቴ ትነግረኝ ነበር። ጭቃው ላይ ቁጭ አልሁ። 

እናኑን ምንጩ ዳር ጀሪካን ስትሞላ አገኘኋት። ልትሸሸኝ ነበር፤ ለመንኋት። እሷም የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። ከንግግሬ በኋላ ያን ቀን ማታ እርስዎ ሴቶቹን ሰብስበው ይህች ልጅ ከባድ አደራ ነው የጣለችብን አሉ አሉ። ዘር ነው ካለች ምርጡ መትረፍ አለበት፤ አባቶቻችንም ለዘር የሚያስቀሩት ከማሳው ያማረውን ነው፣ ነቀላው ደካማውን ለመለየት መሆን አለበት አሉ። ከቡሬ ገበያ ጥቁር ክር በራስዎ ገንዘብ ገዝተው፣ በመቀነትዎ ቋጥረው እየያዙ፣ ያማረውን እግር እየመረጡ አሰሩበት። አንዷ ሳታውቅ እንዳትነቅለው ተብሎ። ሲያስሩም ደግሞ እደጊ፣ ውለጂ ይሉ ነበር አሉ። እናኑ ይህን ስትነግረኝ ጀሪካኑ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፤ ሁለታችንም አላየነውም።

እኔስ ምን አልሁ መሰለዎ? ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ መናደዴን አልተውሁም። ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም አልኋት። ከሃያ ሁለት ሰው የሚጠይቅ አንድ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ፣ አፍ የለም ወይ አልሁ። እናኑ ቀና ብላ አየችኝና፣ ጠይቀውሽ ነበር እኮ አለችኝ። ከንግግርሽ በሦስተኛው ቀን፣ መጋዘኑ በር ላይ መጥተው፣ ልጄ ሁሉንም ነው? አሉሽ። አንች ስልክሽ ላይ ትጽፊ ነበር። ቀና ሳትይ፣ እንደ ነገርኋችሁ ነው አልሻቸው አለችኝ።

ክው አልሁ። ወዲያው ትዝ አለኝ። በሩን ጥላ ሲያጠላው፣ ነጠላዎ ሲያንጠባጥብ፣ ሁሉም ትዝ አለኝ። ምን እጽፍ እንደነበርም ትዝ አለኝ፤ ሪፖርቱን ነው። ሴቶቹ ዓላማውን እንዴት አድርገው ልባቸው ውስጥ እንዳስገቡት እየጻፍሁ ነበር። ልባቸው በሩ ላይ ቆሞ ሲጠይቀኝ ቀና አላልሁም።

ለእናኑ ያኔ ነው ያስረዳኋት፣ በመጀመሪያው ቀን ልነግራችሁ የሚገባኝን። የሴቴዋ መስመር የራሷ አበባ በራሷና በእህቶቿ ጸጉር ላይ ከረገፈ ዘሩ ይደክማል፤ በሚመጣው ዓመት አጭርና ባዶ ራስ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ያማረችውም፣ እንዲያውም ከሁሉ በፊት ያማረችው፣ አበባዋን መስጠት አለባት። ከሌላ ዘር የመጣው ወንዴ እንዲደርስላት ነው። ይህን ለመናገር ደቂቃ አልፈጀብኝም። እናኑ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጣ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ታዲያ ሰባት ቤት ይቆጠር ነው ብለሽ አትነግሪንም ነበር አለችኝ። ከዘመዷ እንዳትጋባ ነው አትይም ነበር? ይህን ብትይንማ ቅዳሴ ሳይደርስ ሁሉንም ሙልጭ እናደርገው ነበር፣ ደግሞ የሥጋ ዘመድ ሊያጋባ የሚፈልግ ሰው በአገራችን ማን አለ አለችኝ።

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ሁለት ቀን ሥልጠና ገብቼ፣ ፖስተር ሰቅዬ፣ ጆንያ ላይ ወጥቼ፣ ሰባት ቤት የሚለው ነገር አንድም ቀን አልመጣልኝም። እኔ እራሴ ስንቱ ልጅ ሊያገባኝ መጥቶ ቤተሰብ ሰባት ቤት ቆጥሮ መልሶታል! ጨጓራዬ እስኪላጥ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። የጎደላችሁ ዓላማ አልነበረም። ዓላማውን አንዴ ስናገረው ከእኔ በላይ ያዛችሁት። እኔ ግን ልብ አስነሥቼ እጁን ሜዳ ላይ ተውሁት። ሰውን ለትልቅ ነገር ጠርቶ ትንሿን ጥያቄ አለመመለስ ከስንፍና ይብሳል፤ ሰነፎች አልኋችሁ እንጂ ሰነፏስ እኔ ራሴ ነኝ።

ባለፈው ሰኞ ፍኖተ ሰላም ተጠራሁ። አቶ ወንዳወቅ ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱም ከበላዩ ይጮኹበታል። ቅጽ ሰጠኝ። የጥፋቱ ምክንያት የሚል ቦታ አለው፣ ጥፋተኛ የሚል ቦታ አለው። የሴቶቹን ስም ዝርዝርም አብሮ ዘረጋልኝ፤ ከአናቱ የእርስዎ ስም ነበር። እነዚህ ዳግመኛ በየትኛውም ጣቢያ እንዳይቀጠሩ ብቻ ፈርሚበት፣ አንቺን አይነካሽም አለኝ። ዝርዝሩን አጥፌ መለስሁለት። ጥፋተኛ የሚለው ቦታ ጠባብ ነው፣ ከአንድ ስም በላይ አይዝም። ሞላሁት። መነጽሩን አውልቆ አነበበውና እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው አልሁት። ስለዚህ ነገር ሌላ የምጽፍልዎት የለኝም፤ እናኑንም አይጠይቋት፣ አታውቅም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ከወንዙ ማዶ ያለው የታችኛው ማሳ ከላይኛው ሁለት ሳምንት ዘግይቶ እንደተዘራ ያውቃሉ። ትናንት፣ በቡሄ ዕለት፣ ሄጄ በእጄ ዳሰስሁት። አበባው ቅጠሉ ውስጥ ተጠቅልሎ አለ፤ ሊወጣ ነው። የፊታችን ሰኞ ገብርኤል ነው፣ አውቃለሁ፤ አልጠራችሁም። ማክሰኞ ነሐሴ 20 ማለዳ ግን ካልተገባ አልቆለታል። ማሳው የሰባት አባወራ ነው፣ አንዷ ወለተ ሐና ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያረሰችው ይኸው ብቻ ነው። ይህም ከተበላሸ ድርጅቱ በሚመጣው ዓመት ከዚህ አካባቢ ይወጣል። ሴቶቹ ደግሞ ያለ እርስዎ አይመጡም። እናኑ እንኳ፣ እኔን እየወደደችኝ፣ እሳቸው ከመጡ ነው አለችኝ። ትክክል ናት።

ለእኔ ሲሉ ይምጡ አልልም። እንደዚያ የማለት አፍ የለኝም። ለወለተ ሐና ይምጡ። ማክሰኞ በእኔ ቦታ መዝገቡን የሚይዘው ሀብተሚካኤል የሚባል ሰው ነው፤ ጨዋ ነው፣ ሰባት ቤቱን ለእሱም ነግሬዋለሁ፣ አልሳቀም ግን ጻፈው። ፖስተሩን አውርጄዋለሁ። ያ የሚስቀው ሰውዬ አሁን የመጋዘኑን የሚያፈስ መስኮት ከልሏል፤ ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀም። ቦቲዬን አስረክቤያለሁ፣ የድርጅቱ ነው። ለራሴ ከገበያ ኮንጎ ጫማ ገዝቻለሁ፤ ባርኔጣም አለኝ። የእርስዎ ባርኔጣ ከሚስማሩ ላይ አልተነካም። ወደ ወንዙ ማዶ መሻገሪያው ድንጋይ ስለሚያዳልጥ፣ ለጉልበትዎ ብዬ፣ ማለዳ እዚያ እጠብቅዎታለሁ። ከመጡ የትኛውን መስመር እንደምይዝ ያሳዩኛል። ካልመጡም እኔ ከአንዱ ጫፍ እጀምራለሁ፤ የደረሰልኝን ያህል እነቅላለሁ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ጥቅልል ጥቁር ክር አለ፣ እናኑ ትሰጥዎታለች። ያው ከቡሬ ገበያ ነው፣ የእርስዎኑ ዓይነት ፈልጌ። ክሩ ጥፋት አልነበረበትም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። የወንዴው መስመር ላይ ይሰሩልኝ። አበባቸው መቅረት ያለበት፣ ማንም ሳያውቅ እንዳይነካቸው መጠበቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው። እደጉ፣ ውለዱም ይበሏቸው።

የክርስትና እናቴ፣ ለዚያ ቀን ይቅር ይበሉኝ። ስለ ማሳው አይደለም፣ ስለ ስምዎ። በሰው ፊት በስምዎ ስለጠራሁዎት። እግዚአብሔር ለእኔ የሰጠኝ መጠሪያ አንድ ነበር፣ እሱን ትቼ ነው። እናኑን ምን ይዘሽልኝ ትመጫለሽ ብዬ አስጨንቄያታለሁና ምንም ባይጽፉልኝ እንኳ በቃል አንድ ነገር ይላኩብኝ። ክፉም ቢሆን እቀበላለሁ።

እመቤታችን ከጾሙ በረከት ትክፈልዎ። ጉልበትዎን ታጽናልዎ፣ ጊደሯን በሰላም ትገላግልልዎ፣ ዕድሜዎን ታርዝምልኝ። የደጅዎ ሰላም አይጓደል። ሴቶቹን ሁሉ በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ፤ ወለተ ሐናን ደግሞ ለብቻ።

ማክሰኞ ከመጡ፣ ገና መስመሩ ውስጥ ሳንገባ፣ ያን ጥያቄ እንደገና ይጠይቁኝ። ልጄ፣ ሁሉንም ነው? ይበሉኝ። ቀና ብዬ እመልስልዎታለሁ።

በመሻገሪያው ድንጋይ ላይ የምጠብቅዎ
የክርስትና ልጅዎ